ሐሙስ ሐሙስ የሚነበበው ቁጥር

አንድ የጭነት መኪና፣ አንድ መጋዘን፣ የሚስቴ ወንድም ሰላምታ፣ በቀወት ወረዳ ገበሬ ዘንድ ዓመታት ፈጅቶ ያፈራሁት ስም። ይህን ሁሉ ያስከፈለችኝ ሴት ባለፈው ወር ደብረ ሲና ላይ አረፈች።

መርዶውን ያመጣልኝ አብዱ ነው። ባጃጁን ሱቄ በር ላይ አቆመና ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ "ጋሼ ታምሩ፣ እትዬ አስካለ አረፉ" አለኝ። ሽንኩርት እየመዘንኩ ነበር። ሚዛኑን ትቼ እዚያው ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ገዢዋ ሴትዮ ደግሞ፣ "ታዲያ የኔን ማን ሊጨርስልኝ ነው?" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ሰው ሞተ ብሎ ወጥ አይቀርም። ዜናውን ብሰማ ደስ እንደሚለኝ የሚያስቡ ሰዎች በከተማው አሉ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

ትምህርት ቤት ያየሁት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ፣ በጫኝና አውራጅ መካከል ነው። በደርግ መጨረሻ የእህል ኬላው ተነስቶ፣ መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሲረጋጋ፣ በሁለት አህያ ሽንኩርት ጀመርኩ። ዓመታት ሄደው ሁለቱ አህዮች አንድ የጭነት መኪና ሲሆኑ የባለቤቴ ወንድም ሙላት፣ አሁንማ ድርጅት መሆን አለብን አለኝ። ሙላት ዲፕሎማ አለው። ስብሰባ ይወዳል፣ ስብሰባ ላይ የሚታደለውን ማስታወሻ ደብተር ደግሞ አብልጦ ይወዳል። ተመዘገብን፣ ማኅተም አስቀረጽን፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆንን። ኃላፊነቴ የተወሰነ መሆኑን በመንግሥት ወረቀት ሳይ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሙላት ከአዲስ አበባ አማካሪ አመጣ። ሰውዬው የሮቢት ሙቀት አላስተኛው ብሎ አንድ ቀን አድሮ ተመለሰ። የጻፈልን ምክር ባጭሩ፣ ዘመናዊ ድርጅት በግምት አይነግድም፣ የመረጃና ትንተና ክፍል አቋቁሙ፣ ለክፍሉም ኃላፊ ቅጠሩ የሚል ነው። እኔ ከመጋዘኑ ጎን ያለውን ቤት አስጠረግኩና በሩ ላይ "የመረጃና ትንተና ክፍል" የሚል ሰሌዳ ሰቀልኩ። በኔ ቤት ጉዳዩ አለቀ። ለሁለት ወር ያህል ትንተናችን ያ ሰሌዳ ብቻ ነበር።

አስካለ የመጣችው የቅጥር ማስታወቂያችንን አይታ ነው። የደብረ ሲና ልጅ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ አርባዎቹን የጀመረ። ብዙ ዓመት ለመንግሥት፣ ቤት ስትቆጥር፣ ሰው ስትቆጥር፣ ከብት ስትቆጥር ኖራለች። በዚያ ቀትር፣ የደብረ ሲናን ሹራብ እንደለበሰች፣ በእጇ የወንድ ሰዓት፣ ሹሩባዋ ውስጥ እርሳስ ሰክታ ገባች። ደሞዙ ስንት ነው ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ አምና ስንት ጆንያ ጫናችሁ አለችኝ። በጣም ብዙ አልኳት።

"ማን ቆጠረው?"

"እኔ ነኛ።"

"የሚሸጥ ሰው አይቁጠር" አለች፣ ቀዝቀዝ ብላ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው።

በሩን ላሳያት ስል ሙላት በክርኑ ጎሸመኝ። ተቀጠረች።

ለክፍሉ አራት ሠራተኛ ፈቀድንላት። በዚያን ጊዜ ከተማው ዲፕሎማ ይዞ ጥላ ለጥላ በሚዞር ሰው ተሞልቶ ነበር። ሙላትም የአጎቱን ልጅ፣ ባለዲግሪውን፣ አስቀድሞ አሰልፎታል። አስካለ ፈተና አለ አለች። መጋዘኑ ወለል ላይ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ዘረገፈችና አመልካቾቹን ተራ በተራ እያስገባች፣ ይህ ስንት ነው ትላለች። የሙላት ዘመድ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ ቁጥር ተናገረ። አመሰገነችውና አሰናበተችው። ሌሎቹም እንዲሁ፣ ፈጥነው መለሱ፣ ፈጥነው ወጡ። የመጋዘናችን ዘበኛ ደምሴ፣ ስድሳ የተጠጋው፣ ፊደል የሚቆጥር እንጂ የማያነብ ሰው፣ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ውሎ፣ "የበሰበሰውም ይቆጠራል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ቀጠረችው። ሽንኩርት የምትለቅም ትርንጎ የምትባል ሴት ደግሞ፣ ጎንበስ ብላ መለየት ጀመረች እንጂ መልስ አልሰጠችም። እሷንም ቀጠረች። አብዱን ባጃጁ የማይደርስበት ጎጥ ስለሌለና ኦሮምኛም ስለሚሰማ ወሰደችው። አራተኛው ያሬድ የሚባል ከወረዳ የተሰናበተ የኮምፒውተር ጸሐፊ ነው። እሱን ለምን እንደመረጠችው ስጠይቃት፣ "አላውቅም ብሎ መለሰልኝ" አለች።

እኔ ክው አልኩ። የራሴን ዘበኛ የትንተና ባለሙያ አድርጋ፣ ሌላ ዘበኛ ቅጠር አለችኝ።

ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት ምንም አልሠራችም። በሮቢ ወንዝ ዳር፣ በቦዩ ላይ ወደ ላይ ትሄዳለች፣ ወደ ታች ትመለሳለች። ደሞዝ እየከፈልኩ ሴትዮዋ ሽርሽር ላይ ናት። አንድ ቀን ግን ላብ በላብ ሆና ገባችና የሃገሬን ገበሬ እኔ ያን ሁሉ ዓመት ከኖርኩበት በላይ አስረዳችኝ። ገበሬ መሬቱን ለግብር ሲጠየቅ ያሳንሳል፣ ለማዳበሪያ ብድር ሲጠየቅ ያተልቃል፣ ለጎረቤቱ ጭራሽ አይናገርም። በውሃ ግን የሚዋሽ የለም። የሌለውን መሬት አጠጣለሁ ቢል ከታች ያለው ጎረቤቱ ዶማ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚተከል ማወቅ የፈለገ ሰው የውሃ ተራውንና የችግኙን መደብ ይቁጠር፤ ሽንኩርቱ ገበያ ከመድረሱ ከአራትና አምስት ወር በፊት ያውቃል።

ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ቦይ ላይ ተሻግሬያለሁ፤ የተሻገርኩት እግሬ እንዳይረጥብ እየዘለልኩ ነው።

የውሃውን ተራ የሚያካፍለው የውሃ አባት ነው፤ ገበሬው ራሱ የሚመርጠው፣ ቃሉ ከቀበሌ ቃል የሚበልጥ ሰው። በዚያን ጊዜ የውሃ አባቱ አያ ደግፌ ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ የቦዩ አፍ ላይ፣ ሾላው ሥር ተቀምጠው የሳምንቱን ተራ ይደለድላሉ። አስካለ እዚያ ተቀምጬ ልጻፍ፣ ሠራተኞቼም መደባችሁን ይቁጠሩ ብላ ጠየቀቻቸው። አያ ደግፌ ብዙ ካሰቡ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ የቆጠርሽውን ዘወትር ሐሙስ እዚሁ መጥተሽ ታነቢልናለሽ፣ ነጋዴው የሰማውን እኛም እንሰማለን።

ይህን ይዛ ወደኔ መጣች። "ቃል ልግባላቸው?" አለች። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ያስከፍላል?

ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ ያስጨነቃት ቁጥሩ አለመግጠሙ ነው። ልማዷ አንድን ማሳ ለሁለት ሰው፣ ሳይነጋገሩ፣ ማስቆጠር ነበር። ደምሴና ያሬድ አንድ ቦይ ቆጥረው ሲመለሱ የደምሴ ሁልጊዜ ያንሳል። ያሬድ ሽማግሌው ዓይኑ ደክሟል አለ። ሙላትም ብዬ ነበር አለ። አስካለ ግን ከደምሴ ጋር ወርዳ ከኋላው ከኋላው ሄደች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ደምሴ በእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ የመጨረሻውን መደብ አይቆጥረውም። ለበረከት ይተወዋል። አባቱም አውድማ ላይ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ ሁሉ ተቆጥሮ ካለቀ ምን ይተርፋል? ትርንጎም ስትጠየቅ አንዳንዴ እንደምትተው አመነች። ገበሬዎቹ ራሳቸውም ሲናገሩ እየተዉ ኖሯል።

ሌላ አለቃ ቢሆን ይቆጣል፣ ወይም ያባርራል። አስካለ ያሬድን ጠርታ ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምር አለችው። የዓምዱ ስም "በረከት"። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ለበረከት የፈለገውን ይተዋል፤ ስንት ተውክ ሲባል ግን ይናገራል። ለበረከት የተውኩት ብሎ የሚዋሽ ሰው የለማ። ያ የአዲስ አበባ አማካሪ አንድ ቀን በስልክ ሙላት ሲያነብለት ሰምቶ ሳቀ አሉ። የሱ ሰንጠረዥ ሮቢትን አንድ ቀን ነው ያደረባት። የአስካለ ግን ገጠመ።

ጠዋት ጠዋት ክፍሉ በር ላይ ስብሰባ ነበራቸው፤ ቆመው፣ ፀሐይ ሳይጠነክር። ማንም ከደብተር አያነብም። እያንዳንዱ የቆጠረውን በቃሉ ይናገራል፣ ሌሎቹ፣ "አንተ ነህ ያየኸው ወይስ ነገሩህ?" እያሉ ያፋጥጡታል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጻፈው። አላየሁም፣ አላውቅም ያለ ሰው ይመሰገናል። ዘበኛዬ የኮምፒውተር ጸሐፊውን ያሬድን በጥያቄ ላብ ሲያስወጣው በመስኮት እያየሁ፣ ይህ ሥራ ነው ጨዋታ እያልኩ እገረም ነበር። እሷንም ይጠይቋታል። አንድ ጊዜ ትርንጎ፣ "እትዬ፣ እርስዎስ አይተውታል?" ስትላት አስካለ፣ "አላየሁትም፤ ሰርዘው ያሬድ" አለች።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ ባለሥልጣን መጣ፤ የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሪፖርት ሊያቀርብ ቀኑ ደርሶበታል፣ የሷን ቁጥር ሰምቶ ትንሽ ከፍ ይበልልኝ ይላል። እኔ ከባለሥልጣን ጋር መጣላት ስለማልፈልግ ሻይ አዘዝኩ። አስካለ በትሕትና፣ "ቁጥሩን ልጨምርልዎ እችላለሁ፤ ሽንኩርቱን ግን አልችልም" አለችው። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ደሙ ፊቱ ላይ ነበር፤ የኔም እግሬ ላይ ወርዶ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ፣ መንፈቅም ጨመረ። ለኔ ጥሩ ዘመን ነው። መኪና መቼ እንደማዝዝ፣ መቼ እንደማልገዛ አውቃለሁ። ደላሎች ታምሩ አሊዩ አምባ ላይ ጠንቋይ አለው ብለው ያሙኝ ነበር። አላስተባበልኩም፤ ጠንቋይ ከደሞዝተኛ የበለጠ ያስፈራል።

ያቺ ሰኞ መጣች። አስካለ ክፍሉን ዘግታ እኔንና ሙላትን አስቀመጠችን። የችግኙ መደብ ካምናው ከእጥፍ በላይ ሆኗል አለች። አምና ሽንኩርት ዋጋ ስላወጣ ጥጥ ያለ፣ ማሾ ያለ፣ ሁሉም ወደ ሽንኩርት ዞሯል። ችግኙ ወደ ማሳ ሊዛወር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከተዛወረ በደረሰ ጊዜ የሚገዛው አይገኝም፤ ገበሬው ማሳው ላይ ትቶት ይሄዳል። አሁን ቢሰማ ግን ገሚሱ ውሃውን ለማሾ ማዞር ይችላል።

እሷ ስትናገር ያየችው ገበሬውን ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴዎች ይህን አያውቁም፤ የዘንድሮውን ውድ ዋጋ እያዩ ለመጪው ምርት ዛሬ ውል ለመግባት ይለምኑኛል። ከገበያው ጥቂት ቀንሼ ብዋዋል፣ ሽንኩርቱ ሲረክስ ከገበሬው በነጻ ያህል አንስቼ አስረክባለሁ። እንዲህ ያለ ዕድል በዕድሜ አንዴ ነው። የሚያስፈልገኝ ገበሬው ሳይሰማ ሁለት ሳምንት ማለፉ ብቻ ነው።

"ሁለት ሐሙስ ይለፍና አንብቢው" አልኳት።

"አይሆንም" አለች። "ቃል ገብተናል።"

"እሺ፣ እንዳልሽ" አልኳት። ሙላት ተገርሞ አየኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጠርጣሪ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ማግስቱን ጠራኋትና ደብረ ሲና ላይ ነጭ ሽንኩርት ልንጀምር ነው፣ ውጪና ቆጥረሽ ነይ አልኳት፤ ዛሬውኑ ሂጂ፣ አበሉ ይኸው። ወደ ደጋው እንስፋ ብላ ስትለምነኝ ዓመት ሆኗት ነበር። ደስ አላት። ስትደሰት እርሳሷን ከሹሩባዋ አውጥታ መልሳ ትሰካለች፤ እንደዚያ አደረገች። እናቷንም እንደምታይ ነገረችኝ። በምሳ ሰዓት ተሳፈረች። ደብተሮቹን ሰብስቤ የሙላት ካዝና ውስጥ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ አደረግሁ። አራቱን ሠራተኞች አስቁሜ የዚህ ሐሙስ ንባብ ተላልፏል፣ ትእዛዝ ነው አልኳቸው። እሺ አሉ። ረቡዕ አዲስ አበባ ደርሼ ውሉን ፈረምኩ፤ ማስያዣ ሲሉኝ መጋዘኑንና መኪናውን አስያዝኩ። ሐሙስ ንጋት በመጀመሪያው መኪና ተመለስኩ።

ለጥንቃቄ ራሴ ሾላው ሥር ሄድኩ። አያ ደግፌ አስካለን ሲያጡ፣ "ልጄ የት ናት?" አሉኝ። ለሥራ ሄዳለች፣ ቁጥሩ ለሚመጣው ሐሙስ ተላልፏል አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥላው ቀዝቃዛ ነው፣ ውሃው ይወርዳል፣ ልቤም እንደዚያው።

ከሰዉ ኋላ ደምሴ ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"የላይኛው ቦይ" አለ። "ሁለት መቶ አርባ መደብ። ለበረከት የተተወ ሠላሳ አንድ። የቆጠርኩት እኔ ደምሴ ነኝ።"

ቁጭ አለ። ትርንጎ ተነሳች።

"የመካከለኛው ቦይ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ለበረከት አርባ። የአንድ ሰው ማሳ አላውቅም፤ ውሻ ነበረ፣ አልገባሁም። የቆጠርኩ ትርንጎ።"

አብዱ የታችኛውን አለ። ያሬድ ተነስቶ የሦስቱን ደምሮ፣ ካምናው ከእጥፍ በላይ መሆኑን ተናገረ። ደብተር የለ፣ ወረቀት የለ፣ ኮምፒውተር የለ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ደጋግሜ ዳበስኩት። ጠዋት ጠዋት በቃላቸው ሲሉት የኖሩትን ነው ያሉት። ከገበሬው አንዱ፣ "ይህ ሁሉ ሽንኩርት ማን ሊበላው ነው?" አለ፤ ሌላው፣ "አንተ ብላው፣ አንተ ነህ መደብ ያበዛኸው" አለው፤ ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ ሲያልቅ አያ ደግፌ ማን ወደ ማሾ እንደሚዞር ማደላደል ጀመሩ።

እኔ እዚያው ድንጋዩ ላይ ነኝ። ሰው መብረቅ ሲመታው እንዲህ ይሆናል አሉ፤ ያያል፣ ይሰማል፣ እጁን ማንሳት ግን አይችልም። ሰዉ ሲበተን ደምሴን ጠራሁት።

"ማን አዘዘህ?"

"ማንም አላዘዘኝም፣ ጌታው" አለ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ። "ሐሙስ ነው።"

ቅዳሜ አስካለ መጣች። በእጇ ወፍራም ደብተር አለ፤ የደብረ ሲናን ነጭ ሽንኩርት ቆጥራለች፤ በአራት ቀን ውስጥ፣ በእግሯ። ገና ጠረጴዛዬ ላይ ሳታስቀምጠው አያ ደግፌ ገቡ። አልተቀመጡም። ለኔ ሰላምታም አልሰጡም። ወደሷ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ታምሩ ቁጥሩን ከሐሙስ በፊት ያውቅ ነበር?"

ይህ ጥያቄ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገረው። እሷ አያውቅም ነበር ብትል ውሉ ቢከስርም ነገ ከገበሬው እገዛለሁ፤ ሰውዬው ዕድለ ቢስ ነው ይባላል። ያውቅ ነበር ብትል በዚያ ቦይ ላይ ሽንኩርት የሚሸጥልኝ ሰው የለም። አየኋት። በሕይወቴ ማንንም እንዲያ ለምኜ አላውቅም፤ የለመንኩት ግን በዓይኔ ነው።

"ሰኞ ነግሬዋለሁ" አለች።

አያ ደግፌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከዚያ፣ "አንዲት ቃል ብትውጪልኝ ምን ነበረበት?" አልኳት።

"ዛሬ ለእርስዎ ብዬ ብዋሽ፣ ነገ የማመጣልዎትን ቁጥር እንዴት ያምኑኛል?" አለች። ንዴት አልነበረባትም። የሚያስረዳ ሰው ድምፅ ነው። ቀጥላ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ለሰኞ የአብዱን የነዳጅ ገንዘብ ጠየቀችኝ።

ሳቄ መጣ። ድንጋጤ ሲበዛ ሰው ይስቃል። አሰናበትኳት። ልጆቹን ከኋላዬ አዝዘሽብኝ ነው የሄድሽው አልኳት፤ አላዘዝኩም አለች፤ አላመንኳትም። በኛ ሃገር የተባረረ ሰው ቁልፍ ወርውሮ፣ ተራግሞ ይሄዳል። እሷ ሦስት ቀን ስጡኝ ብላ እያንዳንዱን ደብተር ለያሬድ እያሳየች አስረከበች። ነጭ ሽንኩርቱንም ጨምራ። በሦስተኛው ቀን ሁሉን በእጇ ሰላም ብላ፣ እኔንም ሰላም ብላ፣ ሹራቧን በክንዷ ይዛ ወጣች።

የቀረው አጭር ነው። ገበሬው ገሚሱን ወደ ማሾ አዞረ፤ ሽንኩርቱ አልረከሰም፤ በውሌ ዋጋ ላስረክብ ስል የሚሸጥልኝ የለም፤ ከሩቅ በውድ እየገዛሁ አስረከብኩ፣ ከዚያም አቃተኝ። ማስያዣው ሄደ። ሙላት እኔ ውል ፈርም አላልኩህም ብሎ ተለየኝ፤ እውነቱን ነው፣ ያለው ነገር ቢኖር የመረጃ ክፍል አቋቁም ነው። አራቱ ሠራተኞች አንድ በአንድ ወጥተው የመስኖ ተጠቃሚዎቹ ማኅበር ወሰዳቸው። አስካለ ደብረ ሲና ላይ ለነጭ ሽንኩርት ገበሬዎች ትቆጥር ጀመር፤ እዚያም የራሷን ሰዎች አሠለጠነች አሉ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሻይ ቤቱ አንድ ታሪክ ሳወራ ኖርኩ፤ ያቺ ሴት ሠራተኞቼን አሳድማብኝ ከሰርኩ የሚል።

ለቀብሯ ከአብዱ፣ ከደምሴና ከትርንጎ ጋር አብረን ወጣን። ጣርማበር ጉም ለብሷል፣ ደብረ ሲና ብርድ ነው፤ ሦስቱ የቆላ ሰዎች በነጠላ ይንቀጠቀጣሉ። የማላውቃቸው የደጋ ገበሬዎች እያለቀሱ ነበር። ከቀብሩ ስንመለስ ደምሴን ወደ ጎን ወስጄ ስድስት ዓመት የጠየቅሁትን እንደገና ጠየቅሁት፤ አሁንማ አርፋለች፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ያን ሐሙስ ተናገሩ ያለቻችሁ እሷ ናት?

ደምሴ ቆመ። "ጌታው" አለ፣ "ሳይነግሩን ነው የሄዱት። እሳቸውማ ነጭ ሽንኩርት ነው ብለው በደስታ ሄዱ። እኛ ረቡዕ መጋዘኑ ኋላ ተጣልተናል። ትርንጎ የቤት ኪራይ አለብኝ ብላ አለቀሰች። ያሬድ እንጠብቃቸው አለ። እኔም ፈርቻለሁ፣ በዚህ ዕድሜ ማን ዳግም ዘበኝነት ይቀጥረኛል? አዝዘውን ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የእሳቸው ነው ብለን እንቀር ነበር። ሳያዙን ስለሄዱ ነው የባሰብን።"

"እንዴት ነው የባሰባችሁ?"

"የቆጠርነው እኛ ነና።"

ትርንጎ ብርዱ ገደለኝ፣ እንሂድ ብላ ጠራችን። በሚኒባስ ወደ ሮቢት ወረድን። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ መጣ፣ ሰዉ ነጠላውን ገለጠ፤ የኔ ሰውነት ግን አልሞቀም።

አስካለ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ሠራችልኝ። በዚያ ጊዜ አንድም የሐሰት ቁጥር አላመጣችልኝም። እኔ በሥራ ላይ ሳለች አንድ ጊዜ ዋሸኋት፣ ከሄደች በኋላ ስድስት ዓመት ዋሸሁባት። ሒሳቡ ይኸው ነው።